የአላሙራ ሁለተኛ ቆጣሪ

ዝናቡ የያዛቸው የአላሙራን ተራራ ገና እኩሌታውን ሳይወጡ ነበር። የመጋቢት ዝናብ መቼ ያስጠነቅቃል! ዶክተር ማርቆስ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ጎትቶ ከፊቱ የምትወጣውን ሀያትን በሆዱ ረገማት። ቴሌስኮፑን ከነእግሩ ተሸክማ እንደ ፍየል ትዘላለች።

«ዶክተር፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ በቀኝ በኩል ይምጡ።»

«መንገዱን አውቀዋለሁ» አላት። የት ያውቀዋል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀያት የማስተርስ ተማሪ ናት፤ ጥናቷ በበልግ ወደ ሰሜን የሚመለሱትን ንስሮች ከተራራው ጫፍ ላይ መቁጠር ነው። አምና በአንድ ቀን ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ቆጠርኩ ብላ ብትመጣ፣ አማካሪዋ ማርቆስ በመምህራኑ ሁሉ ፊት «ብቻሽን ያየሽውን ማን ይመስክር? ተጋኗል» ብሎ ሰረዘባት። ምረቃዋም ቀረ። ዘንድሮ ደንብ ወጣ፤ ሁለት ሰው ለየብቻው ቆጥሮ ቁጥሩ ከተቀራረበ ብቻ ይያዛል። ሁለተኛው ቆጣሪ ራሱ ማርቆስ ሆነ። ሰሞኑን ሰማዩ በደመና ተዘግቶ አንድም መንጋ አላለፈም። ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው ነው፤ ዛሬም ከከሸፈ የሀያት ድካም ውሃ በላው።

ጫፉ ላይ እንደ ደረሱ መብረቅ ከተራራው ሥር ካለው ሐይቅ ማዶ ሰማዩን ሰነጠቀው።

«ብረቱን ጣይው!» ጮኸ ማርቆስ።

ሀያት የቴሌስኮፑን እግር ወርውራ መሬት ላይ ተኛች፤ እሱም አጠገቧ ተደፋ። ሁለተኛው መብረቅ ከታች ካለው ግራር ላይ ሲወድቅ ምድሩ ከሆዳቸው ሥር ተንቀጠቀጠ።

«ጌታ ሆይ!» አለ እሱ።

«ያ አላህ!» አለች እሷ።

ነጎድጓዱ ራቅ ሲል ማርቆስ ቀና አለ። አንድ ግዙፍ ዝንጀሮ እሱ ሲደፋ የጣለውን ቦርሳ ታቅፎ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብሏል! ምሳው ብቻ ቢሆን ግድ የለም፤ ንስር የሚቆጥርበት የሩቅ ማያ መነጽሩም እዚያው ውስጥ ነው።

«ይተዉት ዶክተር!» አለች ሀያት።

ማን ሊሰማት! ደሙ ፈልቶ ድንጋይ አንስቶ ሮጠ። ዝንጀሮው ቦርሳውን ጥሎ፣ ጥርሱን ገልጦ ተንደረደረበት። ማርቆስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ሁለተኛዋ እርምጃ መሬት አላገኘችም።

በጀርባው ተንሸራትቶ ሄደና ለአንድ ሰው እንኳ የማትበቃ ጠባብ እርከን ላይ ተቀረቀረ። ቁርጭምጭሚቱ ቀጭ ብሏል። ከእግሩ በታች ባዶ አየር ነው፤ ከአየሩ በታች የዛፎች አናት። ቆሌው ተገፈፈ።

ሀያት ለዝናብ ሸራ መወጠሪያ የያዘችውን ገመድ አወረደችለት።

«ብብትህ ሥር እሰረው! ወደ ታች እንዳታይ!» አንቱታው እዚያው ገደል ገባ።

በሆዷ ተኝታ ገመዱን በአንድ ወይራ ሥር ላይ እየጠመጠመች በጥቂት በጥቂቱ ልትስበው ጀመረች። ግን በተንቀጠቀጠ ቁጥር ገመዱ መዳፏን እየላጠ ይሸሻል። ፊቷን ድንጋዩ ላይ ለጥፋለች፤ ቀና ማለት አትችልም።

«አትንቀጥቀጥ! ሰማዩን እይ፤ ምን ይታይሃል?»

«ደመና» አለ ጥርሱ እየተፋጨ። ደመናው ግን ያኔ ተቀደደ። በቀዳዳው አንድ ንስር ክንፉን ሳያርገበግብ ብቅ አለ። ከኋላው አስር። ከአስሩ ኋላ ሰማዩ ጠቆረ። «ሀያት… ንስሮች ናቸው።»

እጇ ለአፍታ ቆመ። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ነገር በአናቷ ላይ እያለፈ ነው፤ ቀና ካለች ሰውየው ሄደ።

«ቁጠር» አለችው። «ጮክ ብለህ ቁጠር!»

ቆጠረ። አስር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያለ ሲቆጥር መንቀጥቀጡ ተወው። መቶ በሞላ ቁጥር እሷ አንዴ ስባ ትጠመጥማለች። አንድ ሺህ ሲል ጤነኛው እግሩ መቆሚያ አገኘ። ሁለት ሺህ ሲል ክርኑ አፋፉን ነካ። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሲል ሁለቱም ጭቃው ላይ ተዘረሩ። ሀያት ቀና ብላ አየች። ሰማዩ ባዶ ነበር።

«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ!» አለ እያለከለከ። «እናቴ ትሙት አላጋነንኩም!»

ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ አፈረ። አምና እሷም እንዲሁ ብላ ምላ ነበር።

«እኔ አንዷንም አላየሁም» አለች ሀያት፣ እንባዋን በጭቃማ እጇ እየጠረገች። «ግን አምንሃለሁ።»

ከቁርጭምጭሚቱ ይልቅ ይህ አመመው።

ሐሙስ ዕለት በምርኩዝ እያነከሰ መምህራኑ ፊት ቆመ።

«ደንቡ ሁለት ሰው ይላል» አሉ ሰብሳቢዋ ፕሮፌሰር ጸሐይወርቅ። «ያየኸው አንተ ብቻ ነህ።»

«ሁለት ነን» አለ ማርቆስ። «አምና በዚሁ ሰሞን፣ በዚሁ ጫፍ እሷ ቆጠረች፤ ዘንድሮ እኔ። ለየብቻ ነው፣ ቁጥሩም ተቀራርቧል። አምና የሰረዝኩባት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው። የሷን ካላመናችሁ የኔንም ሰርዙት።»

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አውልቀው ማርቆስን አዩት፣ ሀያትን አዩዋት።

«የሁለቱም ይያዝ» አሉ በመጨረሻ። «ልጅቷም ለምረቃዋ ትዘጋጅ።»

ሀያት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትንሽ ቆይታ ወንበር ሳበችለት።

«ዶክተር፣ ይቀመጡ እንጂ፤ እግርዎ…»

«ገደል አፋፍ ላይ እንዲህ አልነበረም የምትጠሪኝ» አላትና ተቀመጠ።