የግራው ክንፍ

እንጨቱ ድምፅ ሳያሰማ ለሁለት ተላቀቀ። ቁጫጭ ሁለቱን ቁራጮች በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። መለቀቅ ያልነበረበት ሙጫው ነው፤ መሰበር የነበረበት እንጨቱ ነው።

የአባቷ ደንብ እንዲህ ነበር። አንድ አናጢ ከአርባ ዓመት በፊት በጓሮው የሠራትን ባለ አንድ መቀመጫ የእንጨት አውሮፕላን መልሶ ለማብረር አባቷ ሦስት ዓመት ለፍቷል። ሙጫ በበጠበጠ ቁጥር በዚያው ሙጫ ሁለት ስስ እንጨቶች አጣብቆ ቀኑን ይጽፍባቸዋል። ሲደርቁ ይሰብራቸዋል። እንጨቱ ከተሰነጠቀ ሙጫው ደህና ነው፤ በመጣበቂያው በኩል ከተላቀቀ ግን የዚያ ቀን ሥራ በሙሉ ፈርሶ እንደገና ይሠራል። ትልቅ ሰው በማይገባበት ጠባብ ክንፍ ውስጥ ገብታ የምትሠራው እሷ ስለነበረች «ቁጫጭ» ብሎ ስም ያወጣላትም እሱ ነው።

ዛሬ መደርደሪያውን ስታጸዳ ከምስማር ጣሳ ውስጥ ያገኘቻትና አሁን የሰበረቻት መሞከሪያ ግን እስከ ዛሬ ሳትሰበር የቆየች ነበረች። የተጻፈባት ቀን አባቷ የግራውን ክንፍ የጠገነበት ነው፤ ጽሕፈቱ ተንቀጥቅጧል። ያኔ «አባዬ፣ ይቺን ሳንሰብር የክንፉን ሸራ ልትሰፋው ነው?» ብላው ነበር። «ነገ እንሰብራታለን» አላት። ደንቡን ሲጥስ ያየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ለካ ጊዜ አልነበረውም። ትንፋሽ እያጠረው ሳምንቱን ሙሉ ጥገናውን የሚሸፍነውን ሸራ በእጁ ሰፋና ሆስፒታል ገባ፤ በዚያው ቀረ። አራት ወር ሆነው። እናቷ ስታዝን እዚህ መጥታ ያንን ስፌት ትዳብሳለች።

ቅዳሜ ደግሞ አጎቷ አውሮፕላኗን ሊያበርራት ነው። ያ ሙጫ አየር ላይ ከለቀቀ ክንፉ ይታጠፋል።

ቁጫጭ ቁራጮቹን ኪሷ ውስጥ ከተተቻቸው። ማንም አላየም። የአባቷን የመጨረሻ ሥራ «ተበላሽቷል» ብላ በአፏ ከምትናገር ምላሷ ቢቆረጥ በወደደች።

«አንቺ፣ ዛሬም ክንፉ ውስጥ ነው ያደርሽው?» አጎቷ እየሳቀ ገባ። እርሻ ላይ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን አብራሪ ነው፤ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ እስከ ዛሬ ሲስቅ አይታው አታውቅም። «አውሮፕላኗ ፏ ብላለች እኮ!»

ቅዳሜ የሚያበርራት እሱ ነው። ቁራጮቹን አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

ቀኑን አነበበና ሳቁ ጠፋ። «የመጨረሻ ሥራው እኮ ነው» አለ ክንፉን እያየ። «ምናልባት የተበላሸችው ይቺ ብቻ ትሆናለች። ባክሽ አታካብጂው።»

«አንተንም እንድቀብርህ ነው?»

አጎቷ ፊቱን አዞረ። የሸራውን ስፌት ለመቁረጥ ምላጩን ከመሣሪያው ሣጥን ያወጣችው ቁጫጭ ናት።

እናቷ በሩ ላይ ቆማለች፤ መቼ እንደመጣች አላዩም። ቁጫጭ ምንም ሳትደብቅ ነገረቻት። እናቷ ቀርባ ስፌቱን በጣቷ ዳበሰች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ ክንፉ አጠገብ ተንበረከከች።

«የቱ ጋ ልያዝልሽ?»

«እዚህ ጋ ወጠር አድርጊልኝ፣ እማዬ።»

እናቷ ሸራውን ወጠረችላት። ቁጫጭ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ የመጀመሪያውን ክር ቆረጠች።