ጭስ የተነፋበት ቅል

ሚካኤላ የሞተችው ከዳነች በኋላ ነው። ልጇን ቀብራ ከሊማ ወደ ኡካያሊ ወንዝ ስትመጣ ቃል ከአፏ አይወጣም ነበር። ሁለት ወር ጨውና ስኳር ትታ የመንደሩ ፈዋሽ የሚያፈላውን የሐረግ መድኃኒት ጠጣች፤ ድምፅዋን አገኘች። ትናንት ለእህቷ ለኤርኔስቲና «መድኃኒቱ አቅም ሲያሳጣኝ በጨለማ የሚዳብሰኝ ሰው አለ። ነገ ሁሉም ፊት ስሙን እጠራለሁ» አለቻት። ረፋድ ላይ ጎጆዋ ውስጥ፣ የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ተገኘች።

የፖሊሱ ጀልባ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም፤ ሽማግሌውን ፈዋሽ ኢኒን ንዌን ይዞ ሊሄድ ነው። መርማሪዋ ሶይ ቢሪ ግን «አንድ ሰዓት ስጡኝ» አለች። እዚሁ ተወልዳ በሽማግሌው እጅ ከወባ የተረፈች ናት። አለቃዋም ይህን ስለሚያውቅ በጎሪጥ አያት።

«አባባ፣ የእርስዎ መድኃኒት ነው?»

«ከማሰሮው ቀድሜ የምጠጣው እኔ አይደለሁም እንዴ? ትናንትም ጠጥቻለሁ፤ ይኸው አልሞትኩላችሁ።» ሳል አቋረጣቸው። «ሐኪም ትምባሆ ከከለከለኝ ሦስት ወር ሆነኝ። አንድም አልነካሁ። ድሮ መድኃኒቱን የምባርከው የትምባሆ ጭስ እየነፋሁበት ነበር፤ አሁን በባዶ ትንፋሽ ነው፤ መናፍስቱ ሳይስቁብኝ አይቀሩም።»

ሰባት ዓመት ከእሳቸው ሥር የተማረው ሮኒን ኮሺ በሩ ላይ ቆሞ ያጨሳል። «እህቷን አትጠይቂም፣ እቴ? ጠዋት የሙዝ መጠጥ በቅል ያመጣችላት እሷ ናት። እኔ ቅሉን በዓይኔም አላየሁት።»

«ተኝታ ስለነበር በቅጠል ከድኜ ደጃፏ ላይ አስቀመጥኩላት እንጂ!» አለች ኤርኔስቲና። «እኔ እህቴን?»

ሶይ ቢሪ ወጣች። ከጓሮው ቁልቁል ከሚንጠለጠለው ነጭ አበባ ላይ ቅጠሎች ተቀጥፈዋል፤ ቁስሉ ገና እርጥብ ነው። ያ ቅጠል አእምሮ እንደሚያስት፣ ሲበዛም እንደሚገድል መንደሩ ያውቃል። ቅሉ ሚካኤላ ጎጆ ውስጥ አልጋው ስር ነበር፤ አንስታ አሸተተችው።

ሁሉንም በትልቁ ክብ ጎጆ ሰበሰበቻቸው።

«የገደላት ነጩ አበባ ነው፤ ብሌኗ ይመሰክራል። ማሰሮው ንጹህ ነው፤ ከእሱ የጠጣችሁ ሁሉ በሕይወት አላችሁ። የቀረው ይሄ ነው።» ቅሉን አዘነበለችው። ከውስጥ፣ ከጠርዙ ስር፣ የትምባሆ አመድ ተጣብቋል። «ሽታው ገና አለ። እስቲ ንገሩኝ፣ የሙዝ መጠጥ ላይ ጭስ የሚነፋ ማን ነው? እናቶቻችሁ ምሳችሁ ላይ ይነፋሉ? ኤርኔስቲና የከተማ ሰው ናት፤ ትምባሆ አትይዝም። አባባም ትተዋል። ሰባት ዓመት ሙሉ ጭስ ሳይነፋበት ለበሽተኛ ቅል አቀብሎ የማያውቅ እጅ አንድ ብቻ ነው። ቅሉን በዓይኔም አላየሁት ያለውም እሱ ነው።»

ሮኒን ኮሺ ጣቶቹ መሃል የሚጨሰውን ትምባሆ አየው፤ እባብ እንደጨበጠ ሰው ጣለው። «ሳላስበው ነው… እጄ ለምዶ…»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ልትገድላት ያቀበልከውን ባረክኸው?»

ፖሊሶቹ ሊይዙት ሲጠጉ ኤርኔስቲና በእጇ አስቆመቻቸው። ፊቱ ቆመች። እህቷ ልትጠራው የነበረውን ስም፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ ጠራችው።

«ሮኒን ኮሺ።»