በማን እጅ አልፎ መጣ?

በኃይሉ ሥጋ ሳይጠይቅ በልቶ አያውቅም። ሠርግ ቤትም ይሁን ሆቴል፣ ትሪው ከመቅረቡ በፊት አስተናጋጁን ጠራ አድርጎ «በማን እጅ ነው የታረደው?» ይላል። ቢርበውም ይጠይቃል፤ ጋባዡ ቢያፍርም ይጠይቃል። ባለቤቱ ፅጌ «አንተ ሰውዬ፣ በጉ ራሱ ተነሥቶ ካልመሰከረልህ አትቀምስም» እያለች ትስቅበታለች። ሰው ግን አይቀየመውም ነበር። ሐዋሳ ሁሉም በየሃይማኖቱ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ኑሪም በበኩሉ ሳይጠይቅ አይበላም። ሁለቱ አብረው ምሳ ሲወጡ ከጣጣው የሚገላግላቸው የሐይቁ ዓሣ ነበር።

ታዲያ ይህን ያህል ጠያቂ የሆነ ሰው፣ ስለሚሸጠው ዕቃ ግን አንዲት ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም ነበር።

በኃይሉ መሃል ከተማ ሱቅ አለው። የከፈተው ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባ ማግሥት ነው፤ ያኔ የሚሸጠው ሬዲዮና ቴፕ ነበር። ሞባይል ሲመጣ ስልክ ጨመረበት። ኑሮው መልካም ነበር፤ ታቢታ ፊት ለፊቱ የስልክ ሱቅ እስክትከፍት ድረስ።

ታቢታ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት የይርጋለም ልጅ ናት። ሱቋን በጠዋት መዝሙር እያንጎራጎረች ትከፍታለች። ደንበኛ ሲመጣ የምታውቀውን ትናገራለች፤ የማታውቀውን «አላውቅም፤ ጠይቄ ልንገርዎት» ትላለች። በኃይሉን የሚያንገበግበው ይህቺው ነገር ነበረች። «‹አላውቅም› እያለች ትሸጣለች! እኔ ሁሉን አውቃለሁ እያልኩ ዝንብ አባርራለሁ» ይላል ለፅጌ። ቀኑን ሙሉ የዕቃ ማሳያውን መስተዋት ይወለውላል። አቧራ ኖሮበት አይደለም፤ የታቢታ በር በመስተዋቱ ውስጥ ስለሚታየው ነው። ማን ገባ፣ ማን ሳቀ፣ ማን ፌስታል ይዞ ወጣ፤ አንዱም አያመልጠውም።

አዲስ አበባ ስልክ የሚገጣጥም አንድ ኩባንያ ለሐዋሳ አንድ ወኪል ሊመርጥ ነው ሲባል፣ የሁለቱ ስም ተነሣ። በኃይሉ ማልዶ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ጸሎቱ ሁለት ክፍል ነበረው፦ «ለእኔ ስጠኝ» እና «ለእሷ አትስጥብኝ»። የትኛውን ጮክ ብሎ እንደተናገረ የሚያውቀው አምላክ ብቻ ነው።

የኩባንያው ሰው ጉልላት ከራባቱን አሥሮ መጣና የከተማውን ስልክ ነጋዴዎች ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ምሳ ጋበዘ። ጥብሱ ሲቀርብ በኃይሉ እንደ ልማዱ ጠየቀ።

«አያስቡ ጋሼ፣ የክርስቲያን ነው» አለው አስተናጋጁ።

በኃይሉ አማትቦ ቆረሰ። ይሄኔ ታቢታ፣ «አቶ ጉልላት፣ እኔም አንድ ልጠይቅ?» አለች። «ስልኮቹ ውስጥ ያለው ማዕድንስ በማን እጅ አልፎ ነው የመጣው?»

«የምን ማዕድን?»

«ኮልታን የሚሉት ጥቁር ድንጋይ። ከእሱ የሚወጣው ብረት በየስልኩ ሆድ ውስጥ አለ። ወንድሜ ምሥራቅ ኮንጎ ነርስ ሆኖ ሠርቷል። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ከቆፋሪው ይቀማሉ፤ ሸጠውም ጥይት ይገዙበታል። ኩባንያችሁ ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ ያጣራል?»

ጉልላት ፈገግ አለ። «እህቴ፣ እኛ ድንጋይ አንቆፍርም። ተሠርቶ የመጣውን እንገጣጥማለን። ከዚያ በፊት ያለው የአቅራቢዎቻችን ጉዳይ ነው፤ እነሱም የገዙት ከሌላ ነው።»

«ሁሉም ከሌላ ከገዛ፣ ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው?»

በኃይሉ ቀዳዳዋን አገኘ። «አንቺ ልጅ፣ ስልክ ልትሸጪ ነው የመጣሽው ወይስ ልትሰብኪ? ቀጥሎ ደግሞ ድንጋዩ ጾም ይጹም በዪን!»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ታቢታ «እሺ ጋሼ» አለችና ፊቷን ወደ ሐይቁ መለሰች።

ውክልናው ለበኃይሉ ሆነ። ማታ ማታ የሚበራ ትልቅ ማስታወቂያ ሰቀለ። ቅናት ግን ባጎረሱት ቁጥር አፉን የሚከፍት ነገር ነው። ማሸነፉ ሳይበቃው፣ በገባ በወጣው ጆሮ «እዚያ ማዶ አትግዙ፤ ራሷ የደም ዕቃ ነው ብላለች» ይል ጀመር። ወሬው ሠራ። የታቢታ መደርደሪያ ሳሳ፤ ስልክ በነበረበት የስልክ ልባስና ቻርጀር ተሰቀለበት። በኃይሉ ግን መስተዋቱን መወልወል አልተወም። አሁን የሚፈልገው ስታለቅስ ማየት ነበር። እሷ ግን በጠዋት መዝሙሯን እያንጎራጎረች ትከፍታለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የታቢታ ወንድም ኢዮስያስ መንገዱን ተሻግሮ ወደ በኃይሉ ሱቅ ገባ። የበኃይሉ ልብ ዘለለች። ማዶ ድረስ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ኧረ ግባ፣ ግባ! የትኛውን ስልክ ላውርድልህ?» አለው።

«ልገዛ አይደለም ጋሼ። ታቢታ ልካኝ ነው» አለ ኢዮስያስ፣ ቀስ ብሎ። «ኮንጎ ያየሁትን እንድነግርዎት።»

በኃይሉ ሊያቋርጠው አፉን ከፈተ፤ ኢዮስያስ ግን ቀጠለ።

«አንድ አባት ልጁን አዝሎ ክሊኒካችን መጣ። ልጁ ሲቆፍር ጉድጓዱ ተደርምሶበት ነው። ታጣቂዎቹ ከልጁ በፊት የድንጋዩን ጆንያ አውጡ ብለው አዘዙ። ጆንያው ወጣ፤ ልጁ ዘገየ። እኛ ዘንድ ሲደርስ እስትንፋሱ የለም። አባትየው ምን አለኝ መሰለዎት? ‹ይህን ድንጋይ ግን ወስደው ምን ያደርጉታል?› አለኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ላሳየው አልቻልኩም።»

በኃይሉ የያዘውን መወልወያ አስቀመጠ። «ይህን ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?»

«ታቢታ ናት። ‹እኔን ሳቁብኝ፤ ጋሽ በኃይሉን ግን ወኪላቸው ስለሆኑ ይሰሟቸዋል። ደግሞ እሳቸው ሳይጠይቁ የማይቀምሱ ሰው ናቸው› አለችኝ።»

«ሌላስ? ስለ እኔ ሌላ ምን አለችህ?»

«ሌላ ምንም።»

በኃይሉ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ስንት ወር ሙሉ በመስተዋት ሲሰልላት፣ እሷ ደግሞ ከእሱ ውስጥ አንዲት ደግ ነገር ፈልጋ አግኝታለች። በማግሥቱ ገብርኤል ሄዶ ቆመ። የጸሎቱ ሁለተኛ ክፍል ከአፉ አልወጣ አለው።

ጉልላት አዲስ ዓይነት ስልክ ይዞ ሲመጣ፣ በዚያው ሆቴል ያው ጥብስ ቀረበ። በኃይሉ አስተናጋጁን ጠይቆ መልሱን ሰማ። ግን አልቆረሰም።

«የሥጋውን አወቅሁ። አሁን ደግሞ የስልኩን ንገረኝ፣ ልጄ። በማን እጅ አልፎ መጣ?»

ጉልላት ደነገጠ። «ጋሽ በኃይሉ! ያን ቀን አብረን ስቀንባት አልነበረም እንዴ?»

«ስቀናል። እንዲያውም ያሳቅኋችሁ እኔ ነኝ።»

«ስልክ ያለ ማዕድን አይሠራም። ታዲያ ይቅር ነው የሚሉት?»

«ማን ይቅር አለ? እኔ ስጠይቅ እኖራለሁ እንጂ ሥጋ መቼ ትቼ አውቃለሁ? አንተ አቅራቢህን ጠይቅ፤ እሱም የራሱን ይጠይቅ፤ ጥያቄው ጉድጓዱ አፍ ድረስ ይውረድ። ንጹሕ መሆኑን ማሳየት ካልቻለ አትግዛው። ዛሬ መልስ ከሌለህ ደግሞ ‹አላውቅም፤ ጠይቄ ልንገርዎት› በለኝ። ይህን ማለት ነውር አይደለም።»

ጉልላት ፊቱን አጠቆረ። «እንዲህ ከሆነ ውክልናውን ለሌላ ለመስጠት እንገደዳለን። ታቢታ ፊት ለፊትዎ አለች።»

ያ የቆየ የቅናት ሕመም በኃይሉን ደረቱ ላይ ወጋው። ማስታወቂያው ሲወርድ፣ ማዶ ሲሰቀል ታየው። እንደ ድሮው ግን አላሸነፈውም።

«ስጧታ!» አለና ሳቀ። «እሷም የምትጠይቅህ ይህንኑ ነው። ከእሷ ብታልፍ የሚቀጥለው ሱቅ ይጠይቅሃል፤ እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ጉልላት ጥብሱን ሳይጨርስ ተነሣ። ከበሩ ላይ ግን ዞር ብሎ፣ «እስቲ ለአለቆቼ ልንገራቸው» አለ።

ወገኖቼ፣ ጠያቂው አንድ ሲሆን መሳቂያ ይሆናል። ገዢና ሻጭ በአንድ ቃል ሲጠይቁ ግን ትልቁም ኩባንያ መልስ ፍለጋ መሄዱ አይቀርም። የእኔ ድርሻ አይደለም እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ኃጢአት፣ የመጨረሻው እጅ ላይ ሲደርስ ንጹሕ ዕቃ መስሎ ይታያል።

በኃይሉ ከሐይቅ ዳር ተመልሶ ወደ ሱቁ አልገባም። ቀጥታ መንገዱን ተሻገረ። የታቢታ ሱቅ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ እስኪወጡ አልጠበቀም።

«ያንን ወሬ ያወራሁብሽ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች ታቢታ፣ ወንበር እየሳበችለት። «ይቀመጡ። አቶ ጉልላትስ ምን አሉ?»