የማይከፈለው ቁጥር

በዘርማት ሰማይ ፀሐይ ለሁለት ተከፍላ በታየችበት ማለዳ፣ አውሬው ጋሙር ከጥልቁ ወጣ። ጋሙር ሕዝብ ባገኘ ጊዜ ጥላውን በመካከሉ ይጥላል፤ ሳያስተርፍ እኩል ከሸነሸነው በኋላ ክፍል በክፍል ይውጠዋል። ዘርማቶች ደግሞ እኩል ማካፈል የሚያኮራቸው ሰዎች ናቸው። ሰልፋቸው በእኩል ረድፍ፣ ማዕዳቸው በእኩል ቁራሽ ነበር። ለጋሙር የተሰናዳ ምሳ ሆኑለት፤ ከከተሞቻቸው የቀረችው አሩና ብቻ ሆነች።

ንግሥት ኤልሻማ ወጣቷን ጦረኛ ናሚራን አስጠርታ «እኩል የማይከፈል ቁጥር ፈልገሽ አምጪልን» አለቻት። ናሚራም ሰይፏን ስማ «በአባቶቼ አጥንት እምላለሁ! ሳላገኝ ፊቴን ወደ አሩና አልመልስም» አለች።

አብሯት የሄደው ሰይፍ ያስተማራት አንጋፋው ጎልማይ ነበር፤ በዘርማት ምድር ዳቦ እኩል መቁረስ ያቃተው ብቸኛ ሰው። በመንገዱ ሁሉ ትልቁ ቁራሽ የእሱ ነው። «ጋሼ፣ ዛሬም?» ስትለው፣ «እጄ ነው እንጂ እኔ መች ፈለግሁ» ይላታል።

የእሳቱን ወንዝ ተሻግረው፣ ክንፋም ነብሮችን ተዋግተው ከሐመልማ ተራራ ባሕታዊ ዘንድ ደረሱ። እሳቸውም በአሸዋ ላይ እየጻፉ «ስምንት ሺህ አንድ መቶ ዘጠና አንድ» አሏቸው። «ጋሙር ይህን ያህል ሕዝብ ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለአምስትም፣ ለሰባትም ቢከፍለው አንድ ሰው ይተርፈዋል። እስከ ዘጠና ሞክሮ ካልሆነለት አበቃለት፤ ክፍሎቹን ከዘጠና ቢያበዛ በየክፍሉ የሚደርሰው ከዘጠና አያልፍም፤ ያንን ደግሞ ቀድሞ ሞክሮታል። አንድ በአንድ እንዳይነጥቃችሁ ግን እጅ ለእጅ ተያያዙ።»

ሲመለሱ ጋሙር ከኋላቸው ነበር። ናሚራ ከአሩና በር ሥር ሆና «ስንት ነፍስ አላችሁ?» ብላ ጮኸች።

«ስምንት ሺህ አንድ መቶ ዘጠና! ቶሎ ግቡ!» አለች ንግሥቲቱ ከግንቡ ላይ።

መግባት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አንተ ግባ ጋሼ፤ የማልኩት እኔ ነኝ።»

ጎልማይ ከኮሮጆው የቀረችውን ዳቦ አውጥቶ ቆረሰ፤ ትልቁን በእጇ አስያዛት። «እስቲ ዛሬ እንኳ እጄ ይታዘዘኝ» አለና በሩ ውስጥ ገፍትሮ አስገባት። ትንሿን እየጎረሰ ከበሩ ፊት ወዳለው ድልድይ ሄደ።

ሕዝቡ እጅ ለእጅ እስኪያያዝ ድረስ ጎልማይ ብቻውን ድልድዩን ይዞ ተዋጋ። ከዚያ ወደቀ። ጋሙርም በግንቡ ላይ ተንጠራርቶ ጥላውን ጣለ፤ ለሁለት ሞከረ፣ ለሦስት ሞከረ፣ ቀኑን ሙሉ እስከ ዘጠና ሞከረ። አልተከፈሉም። ፀሐይ ስትጠልቅ እንደ አመድ ተበተነ።

ዘርማቶች ዛሬም ማዕዳቸውን የሚቆርሱት እኩል ነው። በዓመት አንድ ቀን ግን ከኤልሻማ በኋላ የነገሠችው ናሚራ ሕዝቧን ይዛ ድልድዩ ላይ ትወጣለች፤ ዳቦውን ሆን ብላ አዛብታ ትቆርሰዋለች።

«ጋሼ፣ ሁላችንም አለን። እናመሰግንሃለን» ትላለች፤ ትልቁንም እዚያው ታስቀምጥለታለች።