ደረቅ ካናቴራ

አንበሳው ፏፏቴው አጠገብ ሲወድቅ ልጆቹ አጨበጨቡ።

ከሰልፉ መሃል ወጣ ብሎ አንድ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ቁጭ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ በጎኑ ተጋደመ። አንዲት የአራት ዓመት ሕፃን «ተኝቷል» ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ሌሎቹም እርስ በርስ ዝም በሉ ተባባሉ። ሙዚቃው አልቆመም፤ ተሽከርካሪዎቹ ፈረሶችም መዞራቸውን ቀጠሉ። ልብስ ጠባቂዋ ከመጋረጃው ጀርባ ሮጣ እስክትደርስና የኋላውን ዚፕ እስክትከፍት አምስት ደቂቃ አለፈ። ትልቁን ጭንብል ስታነሳው፣ ከሥሩ የወጣው ፊት እጅ የሚያቃጥል ትኩሳት ነበረው። ሰውዬው አልነቃም።

መርማሪዋ በስምንት ሰዓት ደረሰች። ቀጭን፣ ዝግተኛ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ብዙ ወሬ ገብቶባት ጥቂት እውነት ስለሚወጣት።

የመዝናኛ ፓርኩ ሥራ አስኪያጅ በሩ ላይ ተቀበላት። «ሙቀት ነው» አላት ገና ሳትጠይቀው። «በዚህ ፀሐይ እንደዚያ ያለ ወፍራም ልብስ ለብሶ የሚሠራ ሰው አንዳንዴ ይወድቃል። ያሳዝናል፤ ግን የተሰወረ ነገር የለውም።»

«የተሰወረ ነገር ከሌለው ቶሎ እሄድልሃለሁ» አለችው።

አስከሬኑ የሕክምና ክፍሉ አልጋ ላይ ነበር፤ ከወገቡ በታች አሁንም አንበሳ፣ ከወገቡ በላይ ነጭ ካናቴራ የለበሰ ጎልማሳ። መርማሪዋ በብብቱ በኩል ያለውን ጨርቅ በሁለት ጣቷ ያዘች፤ ቀጥሎ የልብሱን ገበር በእጇ ዳበሰች።

«ካናቴራውን የቀየረለት አለ?» ብላ ልብስ ጠባቂዋን ጠየቀቻት።

«ማንም አልነካውም። ከወደቀ ጀምሮ ከአጠገቡ አልራቅሁም።»

«ሌላ ቀንስ ስንት ጊዜ ይቀይራል?»

«ሦስቴ። እያንዳንዱን ስጨምቀው ከቧንቧ የወጣ ነው የሚመስለው። እጄ የተላጠው በእነዚህ ልጆች ላብ ነው» አለችና እጇን ዘርግታ ካናቴራውን ነካችው። እጇ እዚያው ቀረ። «ደረቅ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ይሄ እንዴት ይሆናል?»

የክፍሉ ሐኪም መለሰላት። ቆዳውም አፉም ደርቋል፤ የዓይኑ ብሌን ሰፍቷል። «ላብን የሚያስቀር መድኃኒት ሳይወስድ አልቀረም። ላብ ካልወጣው፣ በዚህ ልብስ ውስጥ ሰውነቱ እንደ ምድጃ ይግላል። ደሙ ሲመረመር ይረጋገጣል።»

«እንዲህ ያለ መድኃኒት ከየት ይገኛል?»

«የትም። ጀልባና ተሽከርካሪ ላይ እንዳያቅለሸልሻቸው ሰዎች የሚወስዱት ኪኒን አለ። አንዱ አይጎዳም። ሲበዛ ግን አደጋ ነው።»

ልብስ ጠባቂዋ ስለ ሟቹ የምታውቀው ጥቂት ነበር። ሌሎቹ ጭንብል ለባሾች ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ተማሪዎች ናቸው፤ እሱ ብቻ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። «አባባ አንበሳ» እያሉ ይቀልዱበታል። ሥራ ከጀመረ ወሩ ነው። ቁርሱን ከእሷ ጋር ከአንድ ዳቦ፣ ከአንድ ፔርሙስ ሻይ ተካፍሎ ነበር፤ እሷ ደግሞ ደህና ናት። ከለበሰ በኋላ ግን የሚገባው ነገር በአንበሳው አፍ በስትሮ የሚመጠጥ መጠጥ ብቻ ነው።

«ከማን ጋር ይቀርብ ነበር?»

«ከሰው አይቀርብም። ከአንድ ቤተሰብ ጋር ብቻ ሦስት ቀን ሙሉ ፎቶ ሲነሳ አየሁት። ባልና ሚስት፣ አያትና ሁለት ልጆች። ልጆቹን ሲያቅፍ መልቀቅ ያቅተዋል።»

በሟቹ ሣጥን ውስጥ መርማሪዋ አንድ የቆየ ፎቶግራፍ አገኘች። ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ፣ በግራዋ ዳዴ የሚል ወንድ ልጅ፣ በእቅፏ ገና የተወለደች ሕፃን።

ከመውጫው በር አጠገብ የፓርኩ ፎቶ አንሺ የቀኑን ፎቶዎች ሰሌዳ ላይ ለጥፎ ይሸጣል። የዚያ ቤተሰብ የዛሬ ፎቶ በአምስት ሰዓት ተኩል የተነሳ ነው። የስድስት ዓመቱ ልጅ ስትሮ ያለው የጭማቂ የወረቀት ኩባያ በሁለት እጁ ይዞ ወደ አንበሳው አፍ ዘርግቷል። እናት ትንሿን ልጅ ብድግ አድርጋ እሷም ከኩባያው እንድትጎነጭ ታስጠጋታለች። ባል ይስቃል። አያትየዋ የትንሿን ክንድ ጨብጠው ወደ ኋላ ይስባሉ።

«ቁጡ ናቸው» አለ ፎቶ አንሺው። «ልጅቷን እስክታለቅስ ነው የጎተቷት። ሁለተኛ ማንሳት ነበረብኝ።»

«ሁለተኛውን ተወውና ይሄን ስጠኝ» አለች መርማሪዋ።

ቤተሰቡ በፓርኩ ሆቴል ሁለት ክፍል ይዟል። ባልየው መሬት ቀያሽ ነው፤ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ደግ ፊት ያለው ሰው። የልጆቹ እንጀራ አባት መሆኑን ራሱ ነገራት።

«አንበሳውን ነው? ልጆቹ በጣም ወደውት ነበር። ምን እንደምንላቸው ቸግሮናል።»

«የማቅለሽለሽ ኪኒን ይዛችኋል?»

«የእኔ ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «እኔ እኮ ተራራ ለተራራ ስዞር እውላለሁ፤ የሕፃናት ጀልባ ላይ ግን አንጀቴ ይገለበጣል። አሥር ነበር፣ ሁለት ወስጃለሁ።» ከጋራ ቦርሳቸው አውጥቶ ሊያሳያት እሽጉን ገለበጠው። ሁለት ፍሬ ብቻ ቀርቶ ነበር። ደጋግሞ ቆጠረው። «ስምንት መሆን ነበረበት» አለ፤ ፈገግታው ጠፋ።

አያትየዋ መስኮቱ አጠገብ የልጆቹን ካልሲ እያጠፉ ነበር። ሚስትየዋን የወለዱ ናቸው፤ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ አጥብቀው ያሰሩ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት።

«እማማ፣ ስለ ሞተው ሰው ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። ምን ይደረግ። በአርባ ዓመቱ ሰው እንደ ሕፃን ሲዘል ውሎ ልቡ አይችልም።»

«ከጡረታ በፊት ሥራዎ ምን ነበር?»

«ነርስ። ሠላሳ ሁለት ዓመት። ብዙውን የአጥንት ክፍል።»

«ለአንበሳው ጭማቂ የገዛለት ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ልጆቹ አንዱን ሲያነሱ አንዱን ሲጥሉ ነው የሚውሉት።»

ወንዱ ልጅ ከአልጋው ሥር መኪናውን እየነዳ ይሰማ ኖሮ አንገቱን አወጣ። «እኔ ነኝ ያጠጣሁት» አለ በኩራት። «ሁሉንም ጨረሰው።»

መርማሪዋ ጉንጩን ነካ አድርጋ «ጎበዝ» አለችው። ኩባያውን ማን እንደሰጠው አልጠየቀችውም። ሕፃን በአያቱ ላይ ማስመስከር አልፈለገችም፤ መንገድ ካጣች ብቻ ትመለስበታለች።

እናትየዋን ኮሪደር ላይ አገኘቻትና ከሣጥኑ ያመጣችውን ፎቶ ዘረጋችላት። ሴትየዋ አይታው ግድግዳውን ተደገፈች።

«ትልቋ የት ናት?» አለች መርማሪዋ።

«ሞታለች። አባቷ ጠጥቶ ሲነዳ። ሦስት ዓመት ታሰረ፤ ከልጆቹም እንዳይደርስ ፍርድ ቤት ከለከለው። ትንሿ መልኩን አታውቀውም፤ ወንዱም ረስቶታል።» ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «ደብዳቤ ጻፈልኝ። እዚህ ሥራ ይዣለሁ፣ ብታመጫቸው አንድ ቃል አልናገርም፣ ፊቴንም አያዩትም አለኝ። ወር ሙሉ አሰብኩበት። ከዚያ ባሌን ልጆቹን እናዝናና አልኩት።»

«ባልሽ ያውቃል?»

«አያውቅም። ሦስት ቀን አቀፋቸው፤ ሌላ ምንም አላደረገም። ትናንት ልጄ ‹አንበሳው ልቡ በኃይል ይመታል› አለኝ።»

«እናትሽስ?»

«እናቴማ ብታውቅ…» አለችና አልጨረሰችውም። መርማሪዋም እንድትጨርሰው አልጠበቀችም።

በአሥራ አንድ ሰዓት ሁሉም በሆቴሉ የሕፃናት መጫወቻ ክፍል ተሰበሰቡ፤ ሌላ ባዶ ክፍል አልተገኘም። ልብስ ጠባቂዋ ከመስተዋት ግድግዳው ማዶ ያሉትን የገንዳ ዓሣዎች ልታሳይ ልጆቹን ይዛቸው ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ቀረ። ቀያሹ፣ ሚስቱና አያትየዋ ቀያይ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ሐኪሙ በሩን ዘጋ።

«ሰውዬውን ሙቀት ገደለው የሚለው እውነት ነው» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ግን ካናቴራው ደረቅ ነበር። ላብን የሚያስቀር ነገር ጠጥቷል። ቁርሱን የተካፈለችው ሴት ደህና ናት፤ ስለዚህ የጠጣው ከለበሰ በኋላ ነው። ከዚህ ቤተሰብ ቦርሳ ደግሞ ስድስት ኪኒን ጎድሏል።»

ቀያሹ ቀና አለ። «ቦርሳውን ሦስታችንም እንይዘዋለን። ኪኒኑ ደግሞ የእኔ ነው። ይሄ እኔን ነው የሚያስጠረጥረው።»

«አስጠርጥሮህ ነበር» አለችና ፎቶውን ትንሹ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። «እዚህ ላይ እዩ። ኩባያው ይሄ ነው። እናት ትንሿን እንድትጠጣ እያነሳቻት ነው። መርዝ መሆኑን የምታውቅ እናት ልጇን ወደ መርዝ አታስጠጋም። አንተ ደግሞ ልጅቷ ስትጠጋ እየሳቅህ ነው። ከሁላችሁም ያቺ ሕፃን ከዚያ ኩባያ እንዳትቀምስ የፈራ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ክንዱን የጨበጠውን እጅ አዩ።

«ልጅ ስትስገበገብ መያዝ ወንጀል ሆነ?» አሉ አያትየዋ።

«አልሆነም፣ እማማ። ፎቶው ብቻ ቢሆን ሥርዓት ነው ብዬ አልፈው ነበር። ግን እናንተ የሰማችሁት አንበሳው መሞቱን ብቻ ነው። ጭንብል ለባሾቹ ሁሉ ጎረምሶች ናቸው፤ ፊቱን ደግሞ ማንም አላሳየዎትም። እርስዎ ግን ‹በአርባ ዓመቱ› አሉኝ። ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር።»

ቀያሹ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ማን ነበር?»

ሚስትየዋ አላየችውም። «አባታቸው» አለች።

«ሦስት ቀን ሙሉ ትከሻውን አቅፌ ፎቶ ተነሳሁ» አለ ቀያሹ። ከትንሹ ወንበር ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ።

አያትየዋ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣመሩ። ሲናገሩ ለመርማሪዋ ሳይሆን ለልጃቸው ነበር።

«የመጀመሪያው ቀን ሲንበረከክ ግራ ጉልበቱ አልታጠፍ አለው። ያንን ጉልበት ያሰርኩት እኔ ነኝ። የልጅ ልጄ ምድር ቤት ሬሳ ክፍል ተኝታ፣ እኔ ፎቅ ላይ ሆኜ ቁስሉን አጠብኩለት። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። አርባ ቀን እጄን ታጠብኩ፤ አልጠራልኝም። አሁን ደግሞ የቀሩትን ሊወስድ መጣ።»

«ሊወስዳቸው አልመጣም፣ እማዬ» አለች ልጃቸው። «ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር?»

«አልነግርሽም ነበር።»

«እንዲሞት አላሰብኩም» አሉ አያትየዋ ወደ መርማሪዋ ዞረው። «ደክሞት ይወድቃል፣ ጭንብሉ ይወልቃል፣ ያባርሩታል ብዬ ነው።»

«ስድስት ኪኒን ነው የፈጩት። በዚህ ፀሐይ፣ በዚያ ልብስ» አለች መርማሪዋ ዝግ ብላ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ነርስ ነበሩ፣ እማማ። ምን እንደሚሆን አያውቁም?»

ሐኪሙ መሬት መሬቱን አየ።

«አውቃለሁ» አሉ አያትየዋ።

ያጠፉትን ካልሲ ከኪሳቸው አውጥተው ለልጃቸው ሰጧት፤ ትንሿ እግሯ ይቀዘቅዛል አሉ። ልጃቸው ተቀበለቻቸው። ፖሊሶች መጥተው አያትየዋን ሲወስዷቸው ቀያሹ ከመስኮቱ አልዞረም። ቆይቶ የራሱን ሻንጣ ብቻ ይዞ ወረደ፤ ነገ እደውላለሁ አለ፣ አነጋገሩ ግን የሚደውል ሰው አነጋገር አልነበረም።

መጫወቻ ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ብቻ ቀሩ። መርማሪዋ የምስክርነት ቃሉን ጽፋ ጨርሳ አነበበችላት። እናትየዋ አንድ ቦታ ላይ አስቆመቻት።

«ኩባያውን ማን እንዳቀበለው መጻፍ አለበት?»

«ከእናትሽ እጅ ወደ ሟቹ እንዴት እንደደረሰ ካልተጻፈ መዝገቡ አይቆምም።»

«እናቴ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው፣ አንበሳው ራሱ አነሳው ይበሉ።»

«እንደዚያ አልሆነም።»

«ስሙን እንኳ ይተዉት።»

«ስሙን አልጻፍኩም። ‹የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ› ነው ያልኩት።»

«ያለኝ ወንድ ልጅ አንድ ነው» አለች እናትየዋ። ከመስተዋቱ ማዶ ልጁ ዓሣዎቹን በጣቱ እየቆጠረ ለእህቱ ያሳያል፤ ከሰባት በላይ ስለማያውቅ ሰባት ሲደርስ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። «ዘንድሮ ትምህርት ቤት ይገባል። ማንበብ ይማራል።»

መርማሪዋ ወረቀቱን ወደ እሷ አዙራ እስክሪብቶውን አቀበለቻት፤ እናትየዋም ፈረመች።