ቅቤ የገባበት ጎመን

«ኮኬ፣ ክዳኑን አንሺው! ሽታው ይድረሳቸው!» አለች ጓደኛዋ ስንታየሁ።

ኮከብ ክዳኑን አነሳች። የጎመኑ እንፋሎት የአንደኛ ክፍሎችን ሰልፍ አተራመሰው። ጠዋት «ጎመን የቸገረው ሰው ምግብ ነው» እያሉ ሲያሾፉ የነበሩት ልጆች አሁን ሳህን ይዘው ይገፋፋሉ። የስምንተኛ ክፍሏ ኮከብ፣ የጤና ክበቡ ሰብሳቢ፣ ደስታው እግሯን መሬት አላስረግጥ አላት።

ነገሩ ግን የዋዛ አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጋሽ አፈወርቅ «ልጆቹ የማይበሉትን አትክልት ለማን ነው የምትኮተኩቱት? ካልበሉላችሁ ቦታውን የመረብ ኳስ ሜዳ አደርገዋለሁ» ብለዋል። ያን ጎመንና ካሮት ኮከብና ስንታየሁ ከምንጭ ውኃ እያመላለሱ፣ ውርጭ እንዳይመታው ገለባ እያለበሱ ነው ያሳደጉት። ቅምሻው ለሐሙስ ተቀጥሮ ነበር። ጋሽ አፈወርቅ ግን «ነገ ስብሰባ አለብኝ» ብለው ጠዋት በድንገት ወደ ዛሬ አመጡት። ከዚያማ በእንጨት ለቀማና በድስት ፍለጋ ሩጫ ሆነ።

የኮከብ ታናሽ ወንድም ማሙሽ ከሰልፉ ፊት ቆሞ አሸተተ። «ቅቤ ቅቤ ይላል! ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ?»

ኮከብ ክው አለች። ለሐሙስ ብላ ከቤት ያመጣችውን ቅቤ በጥድፊያ ድስቱ ውስጥ ከታዋለች፤ በጾም ቀን!

ስንታየሁ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «አታካብጂ! ዘይት ነው በያቸው። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁዋ!»

«እሺ ንገሪያቸው፤ ነገ እዚህ መረብ ይተከላል።»

ማሙሽ ሳህኑን እንደዘረጋ ዓይን ዓይኗን ያያታል። «ዘይት ነው፣ ብላ» ብትለው ይበላል፤ እህቱን ያምናታል።

ክዳኑን መልሳ ከደነችውና ሰልፉን እያዩ ወደ ቆሙት ጋሽ አፈወርቅ ዞረች። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ረስቼ ቅቤ ጨምሬበታለሁ።»

ሰልፉ በሙሉ «ኤጭ!» አለ። ጋሽ አፈወርቅ ሊናገሩ ሲሉ ኮከብ ወደ አትክልቱ ቦታ በረረች። አንድ ካሮት ነቅላ፣ በባልዲው ውኃ አጥባ ለማሙሽ ሰጠችው። ልጁ ገመጠው፤ አላመጠ፤ ፊቱ በራ።

«ይጣፍጣል እኮ!»

ከዚያ ወዲያ ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። «ለኔም! ለኔም!» እያሉ ግር ብለው መጡ። ስንታየሁ እየሳቀች ታጥባለች፣ ኮከብ ትነቅላለች።

«ቀስ በሉ እናንተ!» ብለው ጮሁ ጋሽ አፈወርቅ፣ እጃቸውን ዘርግተው የጎመኑ መደብ ፊት ቆመው። «ጎመኑን እንዳትረግጡት!»

ኮከብና ስንታየሁ ተያዩ።

«ድስቱስ?» አለች ስንታየሁ።

ኮከብ ጭቃ የያዘ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ነገ ሐሙስ ነው፤ እናሞቀዋለን። አንቺ ሌላ ድስት ፈልጊ፤ ይኼ አይበቃቸውም።»