ከበረንዳው የተላከው መልእክት

መርማሪዋ ስትደርስ ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል፤ ስልካቸው በቀኝ እጃቸው ሥር ነው። ጠረጴዛው ላይ በቀረው ሻይ ሥር ያልሟሟ ነጭ ዱቄት ዘቅጧል።

«የእንቅልፍ ክኒን ነው» አለ ሐኪሙ። «ልባቸው ደካማ ስለነበር አልቻለውም።»

ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ከዚያ ስልክ ለቤተሰቡ በኢንተርኔት መልእክት ደርሶ ነበር፦ «ሕይወት ታከተኝ። ይቅር በሉኝ።»

ሟቹ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የታናሽ ወንድማቸው መድኃኒት ቤት የዕቃ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። እግራቸው ሲከዳቸው ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው ከዋናው ቤት ሃያ እርምጃ ወደምትርቀው የጓሮ ድንጋይ ክፍል ወርደው ይኖሩ ነበር። መርማሪዋ ክፍሏን ስትቃኝ አረንጓዴ መብራት ያለው አዲስ ሳጥን ግድግዳው ላይ አየች።

«የኢንተርኔት ማራዘሚያ ነው» አለች የሟች ልጅ፣ ዓይኗ አብጦ። «የዋናው ቤት ዋይፋይ ይህን ግድግዳ አያልፍም። አባዬ አላስቀምጥ ስላለኝ ከትናንት ወዲያ ሠራተኛ ጠርቼ አስገጠምኩለት። ገመዱን መሬት ውስጥ ቀብሮ ነው ያመጣው።»

«ምን አስቸኮላቸው?»

«ነገ በቪዲዮ የሚያናግረው ሰው እንዳለ ነገረኝ። ከሳምንት ወዲህ ያለ ሁለት ሰው ድጋፍ ከወንበሩ አይነሳም ነበር።»

«ስለ ሳጥኑ ማን ያውቃል?»

«እማዬና እኔ ብቻ።»

የሟችን ባለቤት ማድ ቤት በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። «ሻዩን ስምንት ሰዓት ላይ ያደረስኩለት እኔ ነኝ» አሉ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ከዚያ ራሴን አሞኝ ፎቅ ላይ ተኛሁ። ምንም አልሰማሁም።»

ሰፈሩ «ዶክተሬ» የሚለው የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ግን ቃል አላጠረውም።

«መልእክቱ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። መኪናዬን አስነስቼ በረርኩ። ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ፤ ምን ዋጋ አለው!»

«ከዚያ በፊትስ ዛሬ መጥተው ነበር?»

«ኧረ እግሬም አልረገጠ! ሻዩን ያቀረበችለት እትዬ ናት። እሷን ይጠይቁ።»

«ወንድምዎ ከዚህ ክፍል መልእክት መላክ ይችሉ ነበር?»

«እዚህ የት ኔትወርክ አለና! የዋናው ቤት በረንዳ ድረስ እየተንፏቀቀ ነበር የሚልከው። ዛሬም እንደዚያው አድርጎ ይሆናል።»

መርማሪዋ ጻፈችው። ከዚያም ሳጥኑን የገጠመውን ሠራተኛ አስጠራች።

አመሻሹ ላይ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። «እዚህ ቤት ሁለት ሳጥኖች አሉ» አለች። «ስማቸውም የይለፍ ቃላቸውም አንድ ስለሆነ ስልክ ራሱ ቅርቡን ይመርጣል። የትኛው ስልክ ስንት ሰዓት በየትኛው ሳጥን እንደነበረ ግን ይመዘገባል። ሠራተኛው ያንብብልን።»

እሱም መዝገቡን ከፈተ። «የሟች ስልክ ቀኑን ሙሉ በጓሮው ሳጥን ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ከሰባት ላይ ወደ ዋናው ቤት ሳጥን ተሻገረ፤ ከስምንት ደቂቃ በኋላ ተመለሰ።»

«መነሳት የማይችል ሰው ስልክ ብቻውን አይሄድም» አለች መርማሪዋ። «ታዲያ ማን ወሰደው? ባለቤታቸው ወይም ልጃቸው ቢሆኑ ኖሮ ስለ አዲሱ ሳጥን ስለሚያውቁ እዚያው ሆነው ይልኩት ነበር። በረንዳ ድረስ የተጓዘው ጓሮው አሁንም ኔትወርክ የለውም ብሎ ያመነ ሰው ነው። ቀጥል፤ ሌላስ ስልክ?»

«የእኒህ ጋሼ ስልክ» አለ ሠራተኛው ወደ ዶክተሬ እያየ። «ድሮ እዚህ ቤት ስለተመዘገበ ራሱ ይገናኛል። ከስምንት ሰዓት ከሩብ እስከ ዘጠኝ ከሰባት በጓሮው ሳጥን ነበር። ከዚያ አብሮ ተሻገረ፤ አብሮም ተመለሰ።»

«ሥራ ላይ ነበርኩ ብለዋል» አለች መርማሪዋ። «ክኒኑን ሻዩ ውስጥ ጨምረው ሃምሳ ደቂቃ አጠገባቸው ተቀመጡ። እስኪያንቀላፉ ጠበቁ።»

«አልተሠቃየም» አለ ዶክተሬ በሹክሹክታ። «እንደ እንቅልፍ ነው የወሰደው።»

ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። መርማሪዋ ከሟች መሳቢያ ያገኘችውን ደብዳቤ ዘረጋች። አንድ አጣሪ ቦርድ ከዶክተሬ መድኃኒት ቤት የተገዛ ሽሮፕ ጠጥታ ስለሞተች ሕፃን ሽማግሌው በቪዲዮ እንዲመሰክሩ የጠራበት ነበር። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት አዲስ ቀን ተለጥፎበት ሲሸጥ ያዩት እሳቸው ናቸው።

ዶክተሬን ይዘውት ሲወጡ ማንም አላየውም። የሟች ባለቤት ብቻ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ነገ ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ከጠዋቱ አራት ሰዓት» አለች መርማሪዋ።

«እኔ እቀርባለሁ። ባሌ ያየው ጠርሙሶቹን ነው። አዲሱን ቀን የያዙትን ወረቀቶች ግን የለጠፍኳቸው እኔ ነኝ፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ በገዛ እጄ። ወንድሙ ሲለምነኝ እምቢ አላልኩም።»

ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየች። ከዚያም ወንበሯን ቀስ ብላ ከእናቷ አራቀች።